ሁለቱ ነጭ ድንጋዮች

ጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ የጀሶ ማምረቻ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ድንጋዩ ከበረሃው በአይሱዙ ይወጣል፣ ይሰበራል፣ ምድጃ ገብቶ ይበስላል፣ ተፈጭቶ በጆንያ ይታሸጋል። ብዙው ደብረ ብርሃን ይሄዳል፤ ግንባታ የማያርፍበት ከተማ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ አንጋፋ የጀሶ ባለሙያ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ጀሶ እንቢ አለኝ። ለጥፌው ስንት ጊዜ ሆነው፣ አሁንም በጣቴ ይፋቃል።»

«ጋሼ፣ ውሃ በዝቶበት ይሆን?»

«ውሃ መለካት ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ ኮንትራክተር ሆነዋል እኮ!»

እውነታቸውን ነው። ደህና ጀሶ ከተበጠበጠ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ መያዝ አለበት። ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ወደ ድንጋዩ ክምር ሄድኩ።

ከሩቅ ሲታይ ሁሉም ነጭ ነው። አንዱን አንስቼ በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ነጭ ዱቄት ጥፍሬ ሥር ገባ። ጀሶ ነው። ከጎኑ ያለውን ፋቅሁት፤ ድንጋዩ ምንም አልሆነም፣ ጥፍሬ ተፈገፈገ። ፍሬድሪክ ሞስ በ1812 ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ ጀሶ 2፣ የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን የሆነው ካልሳይት ደግሞ 3 ነው፤ የሰው ጥፍር 2.5 ገደማ ስለሆነ መሃላቸው ይገባል። ለማረጋገጥ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አደረግሁበት። ጀሶው ላይ ዝም አለ፤ ጠንካራው ላይ ግን ቸስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ክምራችን ውስጥ የኖራ ድንጋይ በብዛት ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ሾፌራችንን ጠየቅሁት። የታችኛውን መንገድ ጎርፍ ስለቆረጠው ከፍ ካለው ቦታ መጫኑን ሳይደብቅ ነገረኝ። «እህቴ፣ ያው ነጭ ድንጋይ አይደል?» አለ። አልፈረድኩበትም። ሸለቆው ራሱ በንብርብር የተሠራ ነው፦ አናቱ ላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሱ በታች አሸዋማው፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ጀሶው ከኖራው ሥር። መኪናው ወደ ታች መውረድ ሲያቅተው የሚያገኘው ኖራውን ነው።

ሁለቱም ካልሲየም አላቸው፤ የሚለያቸው ካልሲየሙ ከማን ጋር እንደተጣመረ ነው። የማዕድን ተመራማሪዎች ከ6,000 በላይ የሆኑትን የማዕድን ዓይነቶች የሚመድቡትም በዋናነት በዚሁ ነው፤ ካርቦኔት፣ ሰልፌት፣ ሲሊኬት፣ ኦክሳይድ እያሉ። አመዳደቡ ለመጽሐፍ ብቻ ይመስላል፤ እኛ ምድጃ ላይ ግን ገንዘብ ነው። ጀሶ ውሃ የያዘ የካልሲየም ሰልፌት ሲሆን ከክብደቱ 21 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። 150 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ከዚያ ውሃ ሦስት አራተኛውን ይለቃል፤ ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የለቀቀውን ውሃ መልሶ ይጠጣና ይጠነክራል። የኖራ ድንጋይ ካርቦኔት ነው፤ በዚያ ሙቀት ምንም አይሆንም፣ 900 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ምድጃችን ውስጥ እንደገባ ወጣ፤ ተፈጨ፤ ከጀሶው ጋር ተደባልቆ አዳከመው።

ይኼ ጀሶ የማይገባበት ቤት የለም፤ ኮርኒስ ነው፣ የተማሪ ቤት ጠመኔ ነው፣ እጁ የተሰበረ ሰው የሚታሰርበት እሱ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካም ውሃ እንደነካው ቶሎ እንዳይደርቅ እስከ 5 በመቶ ይጨምርበታል። እንዲህ የሚታመን ዕቃ ላይ ግዴለሽነት ሲገባ ያመኛል።

የተበላሹትን ጆንያዎች መለስን፣ ለባለሙያው በጥሩ ጀሶ ተካንላቸው። አሁን ድንጋይ የሚያራግፉት ልጆች ራሳቸው እየፋቁ ነው የሚያወርዱት፤ ያጠራጠራቸውን ለብቻ ያስቀምጡና እኔ አሲዱን በጓንት እሞክራለሁ።

ለቅመን ያወጣነውን የኖራ ድንጋይ ኖራ የሚያቃጥሉ ሰዎች ገዙን። ሾፌሩ ሲጭንላቸው ከ100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 56 ኪሎ ኖራ ብቻ እንደሚወጣ ሰምቶ መጣ።

«44ቱ ኪሎ የት ገባ?» አለኝ።

አንድ ጠብታ አሲድ ድንጋዩ ላይ ጣልሁለትና አረፋውን አሳየሁት። በእሳትም በአሲድም የሚወጣው ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።