«ያቺን ነገር» በተመለከተ ነበር...

ሰሞኑን የድሮ ኢሜይሎቼን ሳገላብጥ አንድ ደንበኛ ክፍያ ሲያዘገይብኝ የጻፍኩለትን አገኘሁ። «ይቅርታ፣ ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፣ ላስቸግርህ ብዬ አይደለም፣ ያቺን ነገር ከተመቸህ ምናልባት...» ይላል። የኢንቮይሱ (የክፍያ መጠየቂያው) ቁጥር የለም። የገንዘቡ መጠን የለም። የገዛ ላቤን «ያቺ ነገር» ብዬ አለፍኳት! ይሉኝታ ምን ያህል እንደሚያጃጅል እዩልኝ።

መልሱ «እሺ፣ አይቼ አሳውቅሃለሁ» ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ጭጭ።

ካደኝ ብዬ ስበሳጭ ከረምኩ። በመጨረሻ ስደውል ነው ነገሩ የገባኝ። ሥራውን ያዘዘኝ ሰው ክፍያ አያዝም። ኢንቮይሱን ለሂሳብ ክፍል አስተላልፎታል፣ እነሱ ደግሞ የግዢ ትዕዛዝ ቁጥር (ድርጅቱ ሥራ ሲያዝ ለትዕዛዙ የሚሰጠው ቁጥር) አልተጻፈበትም ብለው ወደ ጎን አድርገውታል፣ ይህን ለኔ ልንገረው ያለ ግን አንድም ሰው የለም። ቁጥሯን ጨምሬ መልሼ ላክሁ። በሚቀጥለው የክፍያ ቀናቸው ገባ።

ስለዚህ አሁን ሥራ ሳልጀምር እጠይቃለሁ። ክፍያ የሚፈቅደው ማነው? ኢንቮይሱ በማን ስም ይሁን? ምን ቁጥር ይፈልጋል? ክፍያ የምታወጡት መቼ መቼ ነው? በወር አንዴ ብቻ የሚከፍል ድርጅት አለ፣ ያቺ ቀን ካመለጠቻችሁ ወር መጠበቅ ነው። ውሉ «በ30 ቀን ውስጥ» ካለም 30ው ከየት እንደሚቆጠር እዩ፣ ከኢንቮይሱ ቀን ነው ወይስ ሥራውን ተቀብለናል ካሉበት?

መክፈያው ሊደርስ 3 ቀን ሲቀረው «ኢንቮይሱ ደርሷችኋል? የጎደለው ነገር አለ?» እላለሁ። ጉድ ካለ ያኔውኑ ይወጣል። ቀኑ ካለፈ በማግስቱ ኢንቮይሱን እንደገና አያይዤ፣ ቁጥሩንና መጠኑን ጽፌ «መክፈያው ትናንት ነበር፣ መቼ እንደሚገባ ቀኑን ንገሩኝ» ብቻ። ይቅርታ የለ፣ ቁጣ የለ። «በቅርቡ» ካሉኝ «ሐሙስ ልበል ወይስ ሰኞ?» እላለሁ። ሳምንት ካለፈ እደውላለሁ። ስልክ እጠላለሁ፣ ግን ኢሜይልን ዝም ማለት ቀላል ነው፣ በስልክ ሰው ዝም ማለት ይከብደዋል። ስዘጋ የተባባልነውን በጽሑፍ እልክላቸዋለሁ።

በጣም የሚከብደኝ ግን የቆየውን ሳይከፍል አዲስ ሥራ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ነው። «የቀድሞው እንደተዘጋ ወዲያው እጀምራለሁ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የጻፍኳት ቀን ሳልልካት ግማሽ ሰዓት ተቀምጫለሁ። ሰውየው ተቀይሞ ሄደ፣ ገንዘቤንም ይዞ። ያንን ሥራ ጀምሬለት ቢሆን ኖሮ የሁለት ሥራ ገንዘብ ይዞ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ ደንበኛ ግማሹን በቅድሚያ እቀበላለሁ፣ የመጨረሻውን ፋይል የማስረክበው ቀሪው ሲገባ ነው። በዚህ የሚቀየም ካለ ከመነሻው ይቀየመኝ።

ትናንት አንድ ሁለት መስመር ማስታወሻ ልኬ ነበር። በአሥር ደቂቃ «ሐሙስ ይገባል» ተባልኩ። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እናያለን።