«አስፈረምናቸው» ያልንበት ሪፖርት

በአንድ የልማት ድርጅት ውስጥ በሪፖርት አርታኢነት በምሠራበት ጊዜ፣ ለገንዘብ ረጂው በእንግሊዝኛ የተላከ አንድ ዓረፍተ ነገር የፕሮጀክቱን ክፍያ አዘግይቶ ነበር። የመስክ አስተባባሪያችን ስለ ንጹሕ ውኃ አቅርቦት በየቤቱ የተካሄደውን መጠይቅ ሲገልጹ፣ መረጃ ሰብሳቢዎቹ የፈቃደኝነት ቅጹን ለመላሾቹ ካነበቡላቸው በኋላ «ዊ ሜድ ዘም ቱ ሳይን» ብለው ጽፈዋል። በልባቸው የነበረው «አስፈረምናቸው» የሚለው ቃል እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ግልጽ ነው። ሪፖርቱን ያነበበችው የረጂው ባለሙያ ግን አጭር ጥያቄ መለሰች፦ መፈረም ያልፈለጉትን ሰዎች ምን አደረጋችኋቸው?

ቢሮው ተረበሸ። አስተባባሪው ዕድሜያቸውን በሙሉ ገጠር ለገጠር ሲዘዋወሩ የኖሩ፣ ገበሬውን አረፍ ብለው ካላናገሩ የማይረኩ ሰው ስለሆኑ፣ በማስገደድ የተጠረጠሩ ሲመስላቸው እጅግ ከፋቸው። ሥራ አስኪያጁ በበኩላቸው ችግሩ የሰዋስው ብቻ ነው ብለው ስላመኑ «ያችን ‹ቱ› አንሡና ነገ ጠዋት ይላክ» የሚል ትእዛዝ ሰጥተው ወደ ስብሰባቸው ሄዱ። በሰዋስው ረገድ እንኳ ልክ ነበሩ። «ሜክ»፣ «ሌት» እና «ሃቭ» የሚባሉት ግሦች ድርጊቱን የሚፈጽመውን ሰው በተሳቢ ተውላጠ ስም ካስከተሉ በኋላ፣ ቀጣዩን ግሥ ያለ «ቱ»ና ያለ ጊዜ አመልካች እንዲሁ ባዶውን ይወስዱታል፤ ስለዚህ «ሜድ ዘም ሳይን» እንጂ «ሜድ ዘም ቱ ሳይን»ም ሆነ «ሜድ ዘም ሳይንድ» አይባልም። የእኛ ሰው «ቱ»ን የሚጨምረው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። «እንዲፈርሙ አደረግን» ስንል «እንዲ» ከግሡ ስለማትለይ፣ በእንግሊዝኛውም የእሷን ቦታ የሚሞላ ነገር እንፈልጋለን።

አስተባባሪው ለሰዋስውም እጅ አልሰጡም። «ልጄ፣ ታዲያ ዳዊት ተሳስቶ ነው?» ብለው በ1611 ከታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ከመዝሙር 23፣ «ሂ ሜከዝ ሚ ቱ ላይ ዳውን» የሚለውን በቃላቸው ወጡት። ክርክራቸው የሚናቅ አልነበረም። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ «ሜክ» በ«ቱ»ም ያለ «ቱ»ም ይነገር ነበር፤ በዛሬው አጻጻፍ «ቱ» ከ«ሜክ» ጋር ተርፋ የምትገኘው ዓረፍተ ነገሩ ተገብሮ ሲሆን፣ ማለትም «ዘይ ዌር ሜድ ቱ ሳይን» (እንዲፈርሙ ተደረጉ) ሲባል ነው። ይልቁን ትኩረቴን የሳበው የእኛው ትርጉም ይህንኑ ቃል «በለመለመ መስክ ያሳድረኛል» ብሎ በአንድ ግሥ መጨረሱ ነው። እረኛው በጉን በግድ ያሳድረው በውድ፣ «ያሳድረኛል» አይናገርም፤ የምንረዳው ከዙሪያው ነው። «አስፈረምናቸው»ም እንደዚሁ ነው።

በእንግሊዝኛ ግን ጸሐፊው የፈራሚው ፈቃድ የት ላይ እንደነበረ ሳይወስን ግሡን በትክክል ሊመርጥ አይችልም። «ሜድ ዘም ሳይን» ከተባለ ሰዎቹ ሳይወዱ ፈርመዋል የሚል ስሜት ይሰጣል። «ሃድ ዘም ሳይን» ከተባለ፣ ባንክ ቤት ገንዘብ የሚያወጣውን ደንበኛ እንደሚያስፈርመው፣ ፊርማው የተለመደ የሥራ ሂደት ነው። «ሌት ዘም ሳይን» ራሳቸው ፈልገው እኛ አልከለከልናቸውም ማለት ሲሆን፣ «ሄልፕት ዘም ሳይን» ደግሞ መጻፍ ለማይችሉት እጃቸውን ደግፈናል እንደ ማለት ነው፤ «ሄልፕ» በ«ቱ»ም ያለ «ቱ»ም መነገር ይችላል። «ጌት» እና «አስክ» በዚህ አገባብ «ቱ»ን አይለቁም፤ የመጀመሪያው አግባብቶ ማስፈረምን ያሳያል፣ ሁለተኛው ግን መጠየቅን ብቻ ስለሚናገር መፈረማቸውን እንኳ አያረጋግጥም። ይህን ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ ካስረዳሁ በኋላ፣ «ቱ»ን ብቻ አንሥቶ መላክ ማስገደዳችንን ሰዋስዉ በተስተካከለ ዓረፍተ ነገር እንደ ማመን እንደሚቆጠር ተስማማን።

እንግዲህ ግሡን ለመምረጥ በመስኩ ላይ የሆነውን ማወቅ ያስፈልግ ስለነበር፣ አስተባባሪው መረጃ ሰብሳቢዎቹን አንድ በአንድ በስልክ ጠየቁ። በአብዛኞቹ ቀበሌዎች ቅጹ በየቤቱ ተነቧል፤ ፈቃደኛ የሆነ ፈርሟል ወይም የጣት አሻራውን አኑሯል፣ ያልፈለገም ተመስግኖ ታልፏል። በአንዱ ቀበሌ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። የቀበሌው ሹም ነዋሪውን በአንድ ዛፍ ሥር ሰብስበው፣ ፈራሚዎቹ ተራ በተራ ሲቀርቡ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ይመለከቱ ነበር፤ እምቢ ያለም አልነበረም። መረጃ ሰብሳቢው ይህን የነገረን ሥራው ምን ያህል እንደተቀላጠፈለት ለማሳየት ነበር።

ያንኑ ሪፖርት መልሼ ሳነብ ተመሳሳይ ጉዳይ በሌላ ገጽ አገኘሁ። «ዊ ሶው ዘም ቱ ፌች ዋተር» የሚለው፣ ሴቶቹ ከምንጩ ውኃ ሲቀዱ ስለ ማየት የተጻፈ ነው። እንደ «ሲ» እና «ሂር» ያሉት የማየትና የመስማት ግሦችም እዚህ ላይ ባዶውን ግሥ ይይዛሉ፤ «ሶው ዘም ፌች» ሲባል ግን ውኃ መቅዳታቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታይቷል ማለት ሲሆን፣ «ሶው ዘም ፌቺንግ» ከሆነ ሲቀዱ ደርሰን አየን ማለት ብቻ ነው። አንድ እንስራ ለመሙላት የሚወስደውን ጊዜ ለመዘገበ ጥናት ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ሰብሳቢዎቹ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ቆመው ጊዜውን ስለለኩ «ሶው ዘም ፌች» ብዬ አስተካከልኩት።

የታረመው ሪፖርት ስለ አብዛኞቹ ቀበሌዎች ቅጹ እንደተነበበ፣ እንዲፈርሙ እንደተጠየቁና የፈቀዱት ብቻ እንደፈረሙ በሁለት ዓረፍተ ነገር ገለጸ። ስለዚያኛው ቀበሌ ሥራ አስኪያጁ «ሃድ» የምትለው ግሥ ለስለስ ስለምትል እሷን እንድንጠቀም ፈልገው ነበር። እምቢ ያሉት አስተባባሪው ናቸው። «እነዚያ ሰዎች ወደው አይደለም የፈረሙት» አሉና «ዌር ሜድ ቱ ሳይን» ብለው በእጃቸው ጻፉበት፤ ከሥሩም የቀበሌው መልሶች ከጥናቱ እንዲወጡና መጠይቁ ሹሙ በሌሉበት፣ በየቤቱ እንዲደገም የሚል ሐሳብ አከሉ። ረጂው ተቀበለው፤ መጠይቁም ተደገመ። በሁለተኛው ዙር ጥቂት አባወራዎች አንፈርምም ብለው መረጃ ሰብሳቢዎቹን በራቸው ላይ አመስግነው መልሰዋቸዋል፤ ክፍያውም ከዚያ በኋላ ተለቀቀ።