ታይምአውቱ ወረፋ ላይም ይቆጥራል

በሺዎች የሚቆጠሩ የዌብ ገጾችን በፓይተን ማውረድ ነበረብኝ። ተራ በተራ ሲሆን ጊዜውን የሚበላው ሥራው ሳይሆን ጥበቃው ነው። ኢቨንት ሉፕ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ የአንዱ መልስ እስኪመጣ ሌላውን ይልካል። ኤአይኦኤችቲቲፒ (aiohttp) የሚባለውን በዚህ መንገድ የሚሠራ ላይብረሪ ጫንኩ፣ አንድ ሴሽን (ሪኩዌስቶቹ የሚጋሩትን የግንኙነት ቋት) ከፈትኩ፣ ፈንክሽኑን አሲንክና አዌይት በሚባሉት የፓይተን ቃላት ጻፍኩ። እስከዚህ ቀላል ነው። የለመዳችሁትን ሪኩዌስትስ ላይብረሪ ብቻ አሲንክ ፈንክሽን ውስጥ እንዳትጠሩት፤ መልሱ እስኪመጣ ሉፑን በሙሉ ያቆመዋል።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያየኋቸው የጀማሪ መማሪያዎች አድራሻዎቹን በሙሉ በአንዴ ጋዘር ለሚባለው፣ ሁሉንም አብሮ ለሚያስጀምረው ፈንክሽን ስጡት ይላሉ። ለአሥር አድራሻ ግሩም ነው። አድራሻው ሺዎች ሲሆን ግን፣ ሥራው ከተጀመረ አምስት ደቂቃ ሲሞላ የታይምአውት (የተፈቀደው ጊዜ አልቋል የሚል) ኤረር ተግተለተለ። የሚገርመው፣ የወደቀውን አድራሻ ለብቻው ስሞክረው ሰርቨሩ ወዲያው ይመልሳል። ታይምአውቱን ማርዘም ደግሞ ችግሩን ትንሽ ገፋው እንጂ አልፈታውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤአይኦኤችቲቲፒ በዲፎልት በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ ኮኔክሽን አይከፍትም። የተረፈው ይሰለፋል። ጠቅላላው ታይምአውት በዲፎልት 300 ሰከንድ ነው፤ ቆጠራው ግን ሪኩዌስቱ ሲላክ አይጀምርም፤ ወረፋ ላይ የቆመበትንም ይጨምራል። ከኋላ የተሰለፉት ሰርቨሩ ጋ ሳይደርሱ ጊዜያቸው ያልቃል። ኤረሩም ጊዜው የት እንዳለቀ አይናገርም። ሁለቱም ቁጥሮች ዶክመንቴሽኑ ላይ አሉ። አንድ ላይ አምጥቶ «ተጠንቀቁ» ያለ መማሪያ ግን አላገኘሁም። እስካሁን ያናድደኛል።

ጠቅላላውን ታይምአውት አጥፍታችሁ የሶኬቱን (ከሰርቨሩ ጋር ያለውን የግንኙነት መስመር) ታይምአውት ብቻ መተው ትችላላችሁ። እኔ አልወደውም። የሶኬቱ ሰዓት የሚለካው በአንድ ንባብና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ክፍተት ነው፤ ጥቂት ባይት እያንጠባጠበ የሚልክ ሰርቨር ያለ ገደብ ይይዛችኋል።

መፍትሔው ራሳችሁ የምትሠሩት ኪዩ (የአድራሻዎች ወረፋ) ነው። አድራሻዎቹን ኪዩ ውስጥ አስገቡ፣ ከኪዩው እያነሡ የሚያወርዱ 20 ዎርከር አስነሡ፤ እያንዳንዱ የያዘውን ሲጨርስ ብቻ ቀጣዩን ያንሣ። ያኔ ቆጠራው ከትክክለኛው ሥራ ጋር አብሮ ይጀምራል። ታይምአውቱን ወደ 30 ሰከንድ አወረድኩት፤ አሁን ኤረር ሲመጣ እውነትም የዘገየ ሰርቨር ነው። በአንዴ የሚሠሩትን ቁጥር የሚገድበው ሴማፎርም ያስኬዳል፤ ግን ሺዎቹ ታስኮች ሜሞሪ ላይ እንደተከመሩ ይቆያሉ።

የፓይተን ዶክመንቴሽን ከ3.11 የመጣውን፣ ታስኮችን በአንድ ላይ የሚያስተዳድረውን ታስክ ግሩፕ ከጋዘር የተሻለ ጥንቃቄ ያለው ነው ይላል። እርስ በርሱ ለተያያዘ ሥራ እስማማለሁ። ለማይገናኙ ገጾች ግን አንዱ ታስክ ያልተያዘ ኤረር ከወረወረ ታስክ ግሩፑ የቀሩትን በሙሉ ይሰርዛቸዋል። አንድ የተበላሸ ሊንክ የሌላውን ሁሉ ሥራ ለምን ያፈርሳል? ስለዚህ ኤረሩን እዚያው ዎርከሩ ውስጥ ያዙት፤ አድራሻውንና የኤረሩን ዓይነት መዝግቡ። ሰርቨሩ 429 (ሪኩዌስት አብዝታችኋል የሚል ኮድ) ከመለሰ ሪትራይ አፍተር የሚለውን ሄደር አንብባችሁ ያለውን ያህል ጠብቁ፤ ከዚያ አድራሻውን መልሳችሁ ኪዩ ውስጥ ክተቱት።