“እሱ” እያለ ስለ ራሱ
ዛሬ ማታ ሴቶችን እያከታተለ ስለ ገደለው አሜሪካዊ ቴድ በንዲ የተሠራ ዶክመንተሪ አይቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በ1980 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ሞት ተፈርዶበት እያለ ሁለት ጋዜጠኞች ድምፁን ቀድተውታል። ስለ ግድያው አላወራም ሲል አንደኛው ዘዴ መጣለት፤ እስቲ እንደ ባለሙያ ሆነህ ገዳዩ ምን አይነት ሰው እንደሆነ አስረዳኝ አለው። ሰውየው መቅረጫውን አቅፎ “እሱ” እያለ ስለ ራሱ ማውራት ጀመረ! ድምፁ ደግሞ ርግት ያለ፣ ልክ እንደ አስተማሪ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። 30 ሴቶችን መግደሉን አምኗል፣ የእነሱ ፎቶ ግን ብልጭ ብሎ ነው የሚያልፈው። አንዷ ላይ አቁሜ ቆየሁ። ፀጉሯን ከመሀል ከፍላዋለች፣ ፈገግ ብላለች፣ ታናሽ እህቴን ታክላለች። እንዲህ አይነት ፊልም የምትሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ እሷ ማን እንደነበረችም ንገሩን።