ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ

በላብራቶሪው መዝገብ ላይ በእኔ እጅ የተጻፈ አንድ ቁጥር እስከ ዛሬ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፦ 0.00። መዝገብ አይፋቅም፤ ቢፋቅ ኖሮ የመጀመሪያው ፋቂ እኔ በሆንኩ።

ማጠራቀሚያ ገንዳው ታጥቦ ለማጽጃ ብዙ ክሎሪን ተጨምሮበት አድሯል። በማግስቱ ያ ውኃ ተደፍቶ በንጹሕ መተካት ነበረበት። ተተክቷል ተባልኩ። መውጫው ገና እንደተዘጋ ናሙና ቀዳሁ፤ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ውስጥ፣ ክሎሪን ሲያገኝ ውኃውን ሮዝ የሚያደርገው የዲፒዲ ዱቄት ከላይ፣ ወዝወዝ። ሮዝ ይሆናል ስል ውኃው እንደ ምንጭ ጠራ። መለኪያው 0.00 አለ። ደገምኩት፤ ያው ነው።

የፓምፕ ኦፕሬተሩ ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ይህ ውኃ እኮ ዓይኔን እያቃጠለኝ ነው።»

«መሣሪያው ዜሮ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው መሣሪያህን ጉንፋን ይዞታል።»

ሁለት ተለማማጆች ሳቁ። እኔም በእነሱ ፊት ላለማነስ፣ «አፍንጫ በስታንዳርድ አይስተካከልም» አልኳቸው። እንዴት እንደኮራሁባት! ጋሼ መልስ አልሰጡኝም። መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱና ወጡ።

የክሎሪን መጨመሪያው ፓምፕ ከፍ እንዲል አዘዝኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሦስተኛው ናሙና ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። ዱቄቱ ውኃውን ሲነካ ሮዙ ብልጭ አለና ጠፋ። ያኔ ላብ አጠመቀኝ። ክሎሪን ከልክ ሲያልፍ ራሱን ቀለሙን እንደሚያነጣው ትምህርት ቤት ተምሬ፣ በፈተናም መልሼ፣ ረስቼዋለሁ። ከናሙናው 5 ሚሊ ሊትር ወስጄ በተጣራ ውኃ 100 ሚሊ ሊትር አደረስኩትና ለካሁ፦ 1.4። በሃያ ሲባዛ 28 ሚሊ ግራም በሊትር! የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ነው፤ እኛ ቧንቧ ላይ የምንፈልገው ከ0.2 እስከ 0.5። እኔ ደግሞ አንሷል ብዬ እያስጨመርኩ ነበር። ገንዳው እንደገና ተደፋ።

ሪፖርቱ ላይ «በላብራቶሪው ንቁ ክትትል ችግሩ ተደርሶበታል» ተብሎ ተጻፈ። ስለ ጋሼ አንድ ቃል የለም። አንብቤ ፈረምኩበት።

ከዚያ ወዲህ ሳልለካ አሸታለሁ። ይህን በየትኛውም የአሠራር መመሪያ አታገኙትም፤ ደግሞም ባይገኝ ይሻላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ እኒያው ጋሼ «ዛሬ ክሎሪን የሚባል የለውም» ብለው ማሉ። ቀኑን ሙሉ ክሎሪን ቤት የሚውል አፍንጫ ሽታውን ይለምደዋል። እኔም ስለ ጉንፋን የምናገረው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ለካሁ፤ 0.4። ሮዙን ብልቃጥ በእጃቸው ሰጠኋቸው።

ወደ ብርሃን አንሥተው አገላብጠው አዩትና፣ «አቅጥነህ ነው የለካኸው?» አሉኝ።