ድመቴ እና ኤ4 ወረቀቱ

ትናንት ማታ አንድ ኤ4 ወረቀት ወለል ላይ አስቀምጬ ሳየው ቆየሁ። ነገሩን ያመጣው ስለ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ያነበብኩት ነው። የአውሮፓ ኅብረት አሮጌውን የሽቦ ጎጆ እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪያግድ ድረስ ለአንዲት ዶሮ የሚሰጠው ትንሹ ቦታ 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር። ወረቀቱ 624 ገደማ ነው። ከዶሮዋ ቦታ ይበልጣል ማለት ነው። በተሻሻለው ጎጆ ቦታው 750 ሆኖላታል። የተጨመረው ከተዘረጋ እጄ ብዙም አይሰፋም።

የእንስሳት ደኅንነት የሚባለው ለዚያች እጅ ለምታህል ቦታ ይሟገታል። ድሮ ይሄ ያስቀኝ ነበር። አሁን አያስቀኝም። እ.ኤ.አ. በ1965 የብሪታኒያ አጥኚ ኮሚቴ ለእርባታ እንስሳት የጠየቀው እኮ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ገላን ማጽዳትና እግርን መዘርጋት ነው። ይሄም የሚጠየቅ ሆኖ!

የእንስሳት መብት የሚለው ወገን ግን ጎጆው ሰፋ ጠበበ አይልም። መጀመሪያ ማን አስገባት ነው የሚለው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶም ሬገን እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ይህንኑ ነው፦ እንስሳው የራሱ ሕይወት አለው፣ የእኛ መገልገያ አይደለም። እኔ ደግሞ ለዓመታት ሁለቱን አንድ ነገር አድርጌ፣ አንዱን ለዘብ ያለ ሌላውን ጠንከር ያለ ብቻ እያልኩ ሳወራ ኖሬያለሁ።

እንዲህ እያሰብኩ ድመቴ መጥታ ወረቀቱ ላይ ተጋደመች። ጭራዋና አንድ የኋላ እግሯ ውጭ ቀሩ።

አምና አስመክኛታለሁ። በደኅንነት ሚዛን ጥሩ ባለቤት ነኝ፦ ማደንዘዣ ተሰጥቷታል፣ ቁስሏ ቶሎ ድኗል፣ የሚበላ ያጣ ግልገል ደጅ ላይ አልተጣለም። በመብት ሚዛን ግን ማን ፈቀደልህ ብባል መልስ የለኝም። እሷን አልጠየቅኳትም። ባላስመክናት ኖሮስ? የሚወለዱት ግልገሎችም መብት አላቸው። የመብት ተሟጋቾቹም ቢሆኑ በዚህ ላይ እርስ በርስ አይስማሙም፤ ይሄ ትንሽ አጽናንቶኛል።

በዶሮዋ ጉዳይ ለመፍረድ የቸኮልኩትን ያህል በድመቴ ጉዳይ አልቸኮልኩም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዶሮዋን ጎጆ የሠራው ሌላ ሰው ነው።

ዛሬ ጠዋት እንቁላል ሳልጠብስ ወጣሁ። ረፍዶብኝ ነው እንጂ አቋም ይዤ አይደለም።