የሌንሱን የትኩረት ርቀት ሳትለኩ ሻማ አታብሩ

ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የሌንስን ቤተ ሙከራ ለምትጀምሩ ባልደረቦቼ፣ ለእኔ ማንም አስቀድሞ ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ኮንቬክስ (መሐሉ ወፈር ያለ) ሌንሱን በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ማውጫ ቅጽ፣ ከንብረት ክፍል አወጣሁ፤ ሻማና ነጭ ካርቶን ተማሪዎች አመጡ።

ጣጣው የመጣው ከተላከልን የመሥሪያ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሻማውና ካርቶኑ በ50 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው እንዲቀመጡ፣ ከዚያም ሌንሱ በመካከላቸው ወዲያና ወዲህ እየተገፋ የጠራ ምስል እንዲፈለግ ያዛል። ተማሪዎቼ ሌንሱን በዝግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገፉት፤ ካርቶኑ ላይ ግን ከፈዘዘ ብርሃን በቀር የነበልባል መልክ ያለው ነገር አልታየም። ለክትትል የመጡት ሱፐርቫይዘር «ወረቀቱን በትክክል አልተከተላችሁም» ብለው ጥፋቱን በልጆቹ ላይ ጫኑ። ልጆቹ ወረቀቱን አንዲት ነገር ሳያጓድሉ ስለተከተሉ፣ ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሌንሱን ወደ መስኮቱ ወስጄ የጦሳን ተራራ ምስል በካርቶኑ ላይ ተቀበልኩ፤ የተራራው ጫፍ ወደ ታች፣ ሰማዩ ከሥሩ ሆኖ ጥርት ብሎ ታየ። ከሩቅ ዕቃ የሚመጡ ጨረሮች ትይዩ ናቸው ማለት ስለሚቻል፣ ምስሉ የሚያርፈው በትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም ሌንሱ ትይዩ ጨረሮችን በሚያገናኝበት ርቀት ላይ ነው፤ ማስመሪያው 15 ሳንቲ ሜትር አሳየ። በካርቶን ላይ የሚያርፍ እውን ምስል እንዲገኝ ደግሞ በዕቃውና በካርቶኑ መካከል ቢያንስ የትኩረት ርቀቱ አራት እጥፍ፣ ማለትም 60 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ወረቀቱ የተጻፈው ለሌላ ሌንስ ነበር፤ የትኩረት ርቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሌንስ 50 በቂ ነው። ርቀቱን 80 ስናደርገው ምስሉ በሁለት ቦታ ጠራ፤ ሌንሱ ከሻማው 20 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ ሦስት እጥፍ ያደገ፣ 60 ሲርቅ ሲሶ ያህል ያነሰ ነበልባል፣ ሁለቱም ተገልብጠው።

መምሪያው በጨረር ሥዕል ጀምሩ ይላል፤ እኔ ሥዕሉን ከሙከራው በኋላ አድርጉት እላለሁ። ሁለት ጨረር ብቻ የተሣለበትን ያየ ተማሪ፣ ሌንሱ በከፊል ቢሸፈን ምስሉም ይቆረጣል ብሎ ያምናል። የላይኛውን ግማሽ በወረቀት ስንጋርደው ግን ነበልባሉ ፈዘዘ እንጂ አልጎደለም፤ ከእያንዳንዱ የነበልባሉ ነጥብ የሚወጣው ብርሃን በሌንሱ ገጽ ሁሉ ላይ ስለሚያርፍ፣ ያልተጋረደው ክፍል ብቻውን ሙሉውን ምስል ይሠራል።

በሥርጉድ (ወደ ውስጥ በጎደጎደ) መስታወትም እንዲሁ የትኩረት ርቀቱን አስቀድማችሁ ለኩ፤ ካርቶኑ ወደ መስታወቱ የሚሄደውን ብርሃን እንዳይጋርድ ግን መስታወቱን ጥቂት ዘንበል አድርጉት። ጉም ጦሳን በሸፈነበት ቀን ከግቢው ማዶ ራቅ ያለ ቤት ይበቃል፤ ፀሐይን ግን በሌንስ በኩል ማንም እንዳይመለከት ከልክሉ።